ታሪኩ ከየት ይጀምር? ከሳራዬቮ እስከ ሰገሌ

የአባቴ አያት የሞቱት በጥቅምት 1909 ዓ.ም. ቶራ መስክ ላይ ነው፤ ከራስ ልዑል ሰገድ ጦር ጋር ዘምተው። ቤተሰባችን ስለ እሳቸው የሚያውቀው ይህንና ሌላ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደዚያኛው በኋላ እመለሳለሁ። ልጅ ሳለሁ የአባቴን ታላቅ እህት፣ እትዬን፣ «ግን ለምን ዘመቱ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። ደብረ ብርሃን ቤታችን ውስጥ ቡና እየወቀጠች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችኝ። «ጌታቸው ዘመተ፣ ዘመቱ» አለችኝ። በቃ። ሙቀጫው ቀጠለ።

ስለ ጦርነት መንስኤ የሰማሁት የመጀመሪያው ማብራሪያ ይህ ነው። ሁለተኛው በጥቁር ሰሌዳ ላይ የመጣው ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ለምን ተነሳ? የጦር ቃል ኪዳኖች፣ የመሣሪያ እሽቅድምድም፣ ብሔርተኝነት፣ የቅኝ ግዛት ሽሚያ፤ «የቅርብ ምክንያቱ» ደግሞ ሳራዬቮ ላይ የተተኮሰው ጥይት። ሸምድደን ተፈተንን፣ አለፍን። ሰገሌ ግን በሌላ ምዕራፍ፣ በሌላ ጊዜ ነበር የመጣው፦ ልጅ ኢያሱ ሰለመ ተባለ፣ ከሥልጣን ወረደ፣ አባቱ ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ጦር ይዘው መጡ፣ ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ሁለቱን ምዕራፎች በአንድ ገመድ የሚያስር ሰው አላጋጠመኝም። እኔም አላሰርኳቸውም። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ስመላለስ ሸኖ ላይ ሰው ቅቤ ሊገዛ ሲወርድ፣ የሰገሌ ሜዳ እዚያው አቅራቢያ መሆኑን እያወቅኩ፣ ስለ ቅቤው ዋጋ ነበር የማስበው።

ያሰረልኝ አንድ መጽሐፍ ነው፤ እሱም ሳያስበው።

ክርስቶፈር ክላርክ የተባለው አውስትራሊያዊ የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2012 «ዘ ስሊፕዎከርስ» የሚል ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ። በእኛ ቋንቋ «በእንቅልፍ ልባቸው የሚሄዱት» ብንለው ያስኬዳል። አንድ ጓደኛዬ ፒዲኤፉን በቴሌግራም ላከልኝ (አዎ፣ አውቃለሁ)፤ ሥራ ላይ ኮድ ኮምፓይል እስኪያደርግ እየጠበቅኩ ጀምሬው ለሊት ለሊት ጨረስኩት። የክላርክ ሐሳብ ባጭሩ፦ «ለምን ተነሳ?» ብለን ስንጠይቅ ወንጀለኛ ፍለጋ እንገባለን፤ «እንዴት ተነሳ?» ብንል ግን ማን ምን እንዳወቀ፣ ምን እንደፈራ፣ ምን እንደመረጠ እናያለን። ይህ መጨረሻው ገጽ ላይ ገዳዩን ሽጉጡን እንደያዘ የምናገኝበት የወንጀል ልብ ወለድ አይደለም ይለናል። የመሪዎቹ ዓይን ክፍት ነበር፣ አያይም ነበር እንጂ።

መጽሐፉ ለምን እንደተወደደ ለማወቅ ከበፊቱ የነበረውን ማስታወስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1919 የቬርሳይ ውል አንቀጽ 231 ኃላፊነቱን በጀርመንና በአጋሮቿ ላይ ጣለው። በ1961 ደግሞ ራሱ ጀርመናዊው ፍሪትዝ ፊሸር የአገሩን መዛግብት አገላብጦ ጀርመን ለዓለም ኃያልነት ስትል ነው የገባችበት አለና የአገሩን ሰው አስቆጣ። ክላርክ ሲመጣ «ሁሉም ጋ ጥፋት አለ» አለ። ጀርመን ውስጥ እንደ ትኩስ ዳቦ ተሸጠ። ይገባኛል፣ እኔም ብሆን እገዛ ነበር።

የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል በእኔ ግምት ተኩሱም ግድያውም አይደለም። በቪየና፣ በፒተርስበርግ፣ በፓሪስ፣ በበርሊን፣ በለንደን የውጭ ጉዳይን በትክክል የሚወስነው ማን ነበር ብሎ እየዞረ የሚጠይቅበት ምዕራፍ ነው። መልሱ «እንደ ሳምንቱ ነው» የሚል ነው። ንጉሡ አንድ ነገር ይናገራል፣ ሚኒስትሩ ሌላ ይጽፋል፣ አምባሳደሩ በራሱ ቃል ይገባል፣ ጄኔራሎቹ የባቡር ፕሮግራማቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። የኔ ዓይነት ሙያ ላይ ያለ ሰው ይህን ሲያነብ ያስቀዋል፤ ብዙ ሰው ያለ ቁልፍ በአንድ ጊዜ የሚጽፍበት ዳታቤዝ ማለት ነው። እያንዳንዱ የጻፈው ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው። አንድ ላይ ሲሆን ግን ማንም ያላሰበው ነገር ተቀምጦ ይገኛል።

ከሳራዬቮ ግድያ እስከ እንግሊዝ መግባት 37 ቀን ነው። ክላርክ እነዚያን ቀናት ሲዘረዝር መጽሐፉን መዝጋት አይቻልም፤ መጨረሻውን እያወቅኩ እንኳ «ይቺ ቴሌግራም ብትቀድም ኖሮ» እያልኩ ነበር።

ነገር ግን አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ጽሑፌም የሚያጠነጥነው በሱ ላይ ነው። ክላርክ ወንጀለኛ አልፈልግም ይበል እንጂ መጽሐፉን የጀመረው ከወንጀል ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1903 ቤልግሬድ ውስጥ የሰርቢያ መኮንኖች በሌሊት ቤተ መንግሥት ገብተው ንጉሣቸውንና ንግሥታቸውን ከገደሉበት ደም አፋሳሽ ትዕይንት። ከገዳዮቹ አንዱ፣ አፒስ የሚባለው መኮንን፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ከሳራዬቮው ሴራ ጀርባ ይገኛል። ይህን አንብቦ የጨረሰ ሰው ሰርቢያን በምን ዓይን ያያታል? ቀሪው ገጽ የፈለገውን ያህል ሚዛናዊ ይሁን፣ ፍርዱ መግቢያው ላይ ተሰጥቷል። ኦስትሪያ ቦስኒያን ጠቅልላ ከያዘችበት ከ1908 ቢጀምር ሌላ መጽሐፍ ይሆን ነበር፤ መረጃው ሳይለወጥ።

ይህን ካየሁ በኋላ ነው ወደራሳችን መደርደሪያ የተመለስኩት።

ስለ ሰገሌ ከተጻፉት ሁሉ ክብደት ያለው ምናልባት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ነው። የደራሲው ሁኔታ ራሱ ልብ ወለድ ይመስላል፤ ንጉሠ ነገሥቱ በስደት እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ተቀምጠው፣ አውሮፓ ፊቱን አዙሮባቸው፣ አገራቸው በኢጣልያ ተይዛ ሳለ ነው ስለ ወጣትነታቸው የሚተርኩት። የኢያሱ ዘመን ላይ ሲደርሱ ግን ድምፁ ይለወጣል። ዋና ከተማውን እየተወ መሄዱ፣ የተማማሉት መሐላ፣ ከሐረር መነሳታቸው፤ ተራ በተራ ይቀርባል። አማርኛው ረጋ ያለና ያማረ ነው፤ ቁጣ እንኳ የለበትም። ቅርጹ ግን የክስ ማመልከቻ ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 መኳንንቱ ተሰብስበው፣ አቡነ ማቴዎስ ከመሐላው ፈትተው፣ ዘውዲቱ ንግሥት ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሲባሉ አንባቢው ከፈረደ ቆይቷል። ተራኪው ደግሞ የዚያ ቀን አሸናፊ ናቸው። ይህን ስል መጽሐፉ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። መነሻውን የመረጡት እሳቸው ናቸው ማለቴ ነው፤ መነሻውም አንድ ወጣት ሰው ነው።

ነገሩ ከመጽሐፍ ወርዶ አፋችን ላይ አለ። እኔ ራሴ ሳወራ ንጉሥ ሚካኤልን «እሳቸው»፣ ኢያሱን «እሱ» እላለሁ። ማን እንዳስተማረኝ አላውቅም። አሁን እንኳ እየጻፍኩ ላስተካክል ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ይኸው እንደነበረ ተውኩት።

የሥራ ወሬ ላምጣ፣ ታገሱኝ። ከጥቂት ዓመት በፊት የምሠራበት ቦታ አንድ ሲስተም ወደቀ፤ ለሰዓታት ክፍያ ቆመ። እንደ ደንቡ ፖስትሞርተም ተጻፈ፦ ምን ሆነ፣ መቼ፣ ለምን። «ለምን» በሚለው ስር አንድ ቃል ብቻ ተሞላ፦ «ሂውማን ኤረር»። አንድ ጀማሪ ልጅ ያልሆነ ትዕዛዝ አስገብቶ ነበር። ልጁ ተወቀሰ፣ ሰነዱ ተዘጋ። በሦስተኛው ሳምንት ያው ሲስተም በሌላ ሰው እጅ ወደቀ። የጊዜ ዝርዝሩ የሚጀምረው ልጁ ቁልፉን ከተጫነበት ደቂቃ ነበር፤ ያን ቁልፍ ለማንም ክፍት አድርጎ የተወው ውሳኔ ከስድስት ወር በፊት ስለተወሰነ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። ኢያሱ የታሪካችን «ሂውማን ኤረር» ነው ብዬ የማስበው ለዚህ ነው። ሰለመ አልሰለመም፣ ፎቶግራፉ እውነተኛ ነው የተቀነባበረ እያልን መቶ ዓመት ተከራክረናል፤ ክርክሩ ራሱ ከልጁ ጣት አላለፈም።

እንግዲህ መነሻውን እንለውጠው።

ከ1906 ዓ.ም. እንጀምር። በታኅሣሥ 3 ዳግማዊ ምኒልክ አረፉ፤ ሞታቸውም ለሕዝብ አልታወጀም። በግንቦት 23 ሚካኤል ደሴ ላይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በሰኔ 21 ሳራዬቮ ላይ ተተኮሰ። በፈረንጅ አቆጣጠር የምኒልክ ሞትና ሳራዬቮ ሁለት የተለያዩ ዓመታት ላይ ይወድቃሉ፤ በእኛ ግን ሦስቱም የአንድ ዓመት ወሬ ናቸው። የሸዋ መኳንንት ያንን ዓመት እንዴት እንዳዩት አስቡት፤ ትልቁ ጥላ ተነስቷል፣ የሰሜኑ ኃይል ወሎ ላይ ተከማችቷል፣ ባሕር ማዶ ደግሞ ነገሥታቱ ሊባሉ ነው።

ወይም ከታኅሣሥ 1899 እንጀምር (እ.ኤ.አ. 1906)። ያኔ ምኒልክ ጤናቸው እየራቃቸው ሳለ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ለንደን ላይ ተቀምጠው ኢትዮጵያ ውስጥ የማን ጥቅም የት እንደሆነ ተፈራረሙ። ከስምንት ዓመት በኋላ ጦርነቱ ሲመጣ፣ ኢጣልያም በ1907 ግንቦት ወደ እንግሊዝና ፈረንሳይ ጎራ ስትገባ፣ በዙሪያችን ያለው ቅኝ ግዛት ሁሉ፣ ከምጽዋ እስከ ጅቡቲ፣ ከበርበራ እስከ ሞቃዲሾ፣ ከናይሮቢ እስከ ካርቱም፣ የአንድ ወገን ሆነ። በዚህ መሐል የጀርመኑ መልእክተኛ ፎን ሲቡርግ አዲስ አበባ፣ የኦቶማኑ ቆንስል መዝሐር ቤይ ሐረር ተቀምጠው ወጣቱን ገዢ ያባብላሉ። ከጎረቤቶቹ በአንዱ የተበደለ ሰው የሌላኛውን በር ያንኳኳል፤ ሦስቱም ጎረቤቶች ሲተባበሩበት ደግሞ ከሩቅ ዘመድ ይፈልጋል። ኢያሱ ወደ ቱርክና ጀርመን ማዘንበሉን ለመረዳት የማንም ሃይማኖት አያስፈልግም፤ ካርታ ይበቃል። በመስከረም 1909 መጀመሪያ የሦስቱ ኃያላን ወኪሎች የተቃውሞ ማስታወሻ አቀረቡ። መኳንንቱ ኢያሱን ያወረዱት በዚያው ወር ነው።

ከእንግሊዝ ሌጋሲዮን አጥር ውስጥ የወጣ አንድ ሌላ መጽሐፍ አለ፤ የዊልፍሬድ ቴሲጀር «ዘ ላይፍ ኦፍ ማይ ቾይስ»፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ። ደራሲው በኋላ የዓረብን በረሃ በግመል ያቋረጠው ተጓዥ ነው። አባቱ በሰገሌ ጊዜ የእንግሊዝ ሚኒስትር ነበሩ፤ የተፈሪ ሕፃን ልጅ አስፋ ወሰን እንኳ በቀውሱ ጊዜ የተደበቀው እነሱ ቤት ነው። ትንሹ ቴሲጀር ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ድል አድራጊው ጦር በዘውዲቱ ፊት ሲያልፍ፣ ሚካኤል በሰንሰለት ሲነዱ አየ። በእርጅናው ሲጽፍ ዕድሜውን ሙሉ ያባረረው የእንዲህ ያለ ትዕይንት ናፍቆት የተተከለበት ያን ቀን ነው ይላል። ገጾቹ ያምራሉ፤ ሳነባቸው አፈርኩም ተናደድኩም። ታሪኩ የሚጀምረው ከሰልፉ ነው። ሰልፉ ከሰልፉ በፊት የነበረውን ሁሉ ይሸፍነዋል፤ የአባትየውን ደብዳቤዎች ጨምሮ።

ሦስተኛው መነሻ አንኮበር ነው። እውነቱን ልናገር፣ ይህኛው በጣም ስለሚጥመኝ ነው የምጠራጠረው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1841 እንግሊዛዊው ሃሪስ፣ በ1843 ደግሞ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር፣ እያንዳንዳቸው ከሸዋ ጋር ውል ተዋዋሉ፤ ተቀናቃኝ መንግሥታት በሸዋ ንጉሥ ደጅ ሲጋፉ ያኔ የመጀመሪያቸው ነው። በ1876 የኢጣልያ ጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች መጡ፤ ምኒልክ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያን ሰጧቸው። መሪያቸው ማርኪስ አንቲኖሪ በ1882 እዚያው ሞተው ተቀበሩ። በ1883 አንቶኔሊ አንኮበር ላይ ከምኒልክ ጋር ተዋዋለ፤ ያው አንቶኔሊ በ1889 የውጫሌን ውል ይዞ መጣ፤ አንቀጽ 17 ወደ ዐድዋ ወሰደን። ዐድዋ ላይ የተዋረደችው ኢጣልያ በ1911 ሊቢያ ላይ ዞረች፣ የኤርትራ አስካሪዎችንም አዘመተች። ኦቶማን ሊቢያ ላይ ሲዳከም የባልካን አገሮች በ1912 ዘመቱበት፤ ይህን የሊቢያ ቀዳዳ ክላርክ ራሱ አጉልቶ ያሳየዋል። ከባልካን ሳራዬቮ፣ ከሳራዬቮ የዓለም ጦርነት፣ ከዓለም ጦርነት የአዲስ አበባ ሌጋሲዮኖች ፍርሃት፣ ከፍርሃቱ ሰገሌ፤ ከሰገሌ በኋላ ደግሞ ኢያሱ በአንኮበር በኩል ሲያልፍ እናየዋለን። ዙሩ ገጠመ!

እንዲህ ሲገጥም ነው ሰው መጠንቀቅ ያለበት። ሎግ ላይ አንዱ መስመር ከሌላው በታች ስለተጻፈ የላይኛው የታችኛውን አመጣው ማለት አይደለም። ሮም ላይ አንድ ካቢኔ ሊቢያን ሲመርጥ ዐድዋ ብቻ አልነበረም ራሱ ውስጥ የነበረው። ከዚህም የባሰው፣ ይህ መነሻ የራሳችንን ሰዎች ነፃ ያወጣቸዋል፤ «ፈረንጅ ነው ያጣላን» ብለን እንገላገላለን። ከመስከረም 17 እስከ ጥቅምት 17 ልክ ሠላሳ ቀን ነው፤ ከአውሮፓው በሰባት ቀን ያንሳል። በዚያ ሠላሳ ቀን ውስጥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ከቶራ መስክ ድል በኋላ ለንጉሥ ሚካኤል የማዘናጊያ መልእክት እየላኩ ጊዜ ገዙ ይባላል፤ ሚካኤል ቆሙ፣ የሸዋ ጦር ተሰበሰበ። የካይዘር ዊልሄልምና የዛር ኒኮላስ ቴሌግራሞች ጦርነቱን ለማቆም ተልከው አልቻሉም፤ የሀብተ ጊዮርጊስ መልእክት ግን የተላከበትን ሠራ። ይህ በእንቅልፍ ልብ የሚሄድ ሰው ሥራ አይደለም። ክላርክ የሰጠን ምስል እዚህ ላይ አይበቃኝም፦ ወቃሽ የሌለው ፖስትሞርተም ጥሩ የሚሆነው ሁሉም ሲስተሙ እንዲነሳ በሚፈልግበት ቤት ነው። ጦርነት ውስጥ ግን እንዲወድቅ የሚፈልግ አለ። ተፈሪም ሀብተ ጊዮርጊስም ሚካኤልም የሚፈልጉትን ያውቁ ነበር።

ይህ ሁሉ የመጽሐፍ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን ሲደርስ፣ ቤታችን ሳሎን ውስጥ ከሸዋ ሮቢት የመጡ ዘመዶች ፍራሽ ዘርግተው ነበር። ማታ ማታ ክርክር ይነሳል፦ ማን ጀመረው? አንዱ ከጥቅምት 24 ይጀምራል። ሌላው «አይ፣ ከ2010 ነው» ይላል። አጎቴ ከ1983 ነው የሚጀምሩት፤ የጎረቤታችን መምህር ከ1966። ማንም ማንንም አላሳመነም፣ ምክንያቱም መረጃ ላይ አልተለያዩም፤ ሁሉም የሚናገረው ሆኗል። የተለያዩት የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነበር። የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ሁለት ተከፈለ፤ ሁለቱ ግሩፖች እስካሁን አልተዋሐዱም፣ እኔ ሁለቱም ውስጥ አለሁ፣ ሁለቱንም ሚዩት አድርጌያለሁ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን፣ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት የኖርንበትን፣ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ክላርክን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ቤልግሬድን ሳይ ሳሎናችንን ነበር የማየው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ስለ ሰገሌ እንዲጻፍ እመኛለሁ፤ ደሴን፣ አዲስ አበባን፣ ሐረርን፣ ሦስቱን ሌጋሲዮኖች እየዞረ «እዚህ ቤት የሚወስነው ማን ነው?» የሚል፣ ሠላሳውን ቀን አንድ በአንድ የሚቆጥር። ብላታ መርስኤ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ያዩትንና የሰሙትን ጽፈው ትተዋል፤ የሌጋሲዮኖቹ ደብዳቤ አለ፤ የወሎ ወገን ትረካ ደግሞ በአፍ አለ፣ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ። አንድ ነገር ብቻ እለምነዋለሁ፣ ያን የሚጽፈውን ሰው፦ መነሻውን ለምን እንደመረጠ መግቢያው ላይ ይንገረን።

ባለፈው ፋሲካ ቤት ስሄድ እትዬን መልሼ ጠየቅኳት። አሁን ቡና የሚወቅጥላት ሌላ ሰው ነው። «የቶራ መስኩን ነገር ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አልኳት። ኢያሱንም፣ ሌጋሲዮንንም፣ ልዑል ሰገድንም አላነሳችም። የጀመረችው ከገብሱ ነው። አባቷ የነገሯትን ነው የምትነግረኝ፤ እሳቸው ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ያን ዓመት ገብሱ አምሮ ነበር፣ ጥቅምት ላይ ለአጨዳ ደርሶ ነበር፣ ክተት ሲባል ቆሞ ቀረ። ቤተሰባችን ስለ እሳቸው የሚያውቀው ሁለተኛው ነገር ይህ ነው።

«ታዲያ ማን አጨደው?» አልኳት።

«ማን ያጭደዋል?» አለችኝ። «ቅድመ አያትህ እርጉዝ ነበረች። የወሎም ጦር በዚያው አለፈ፣ የሸዋም ጦር በዚያው አለፈ። ፈረስ በላው።»

«የማን ፈረስ?»

አየችኝ። «አንተ ልጅ፣» አለች፣ «ፈረሱን እኔ ጠየቅኩት?»